ከእስር በኋላ፦ የወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች ደጋጋሚነት እና አንድ አኃዝ የተጓዘበት መንገድ

ለሕግ እና ለሥነ ልቦና ተማሪዎች በተዘጋጀ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ። «ዓ.ም.» ተብለው ከተጠቀሱት በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ስለ ተፈታ ሰው ሲወራ ከዚህ አባባል ሌላ ንድፈ ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይገኝም። የወንጀለኝነት ሳይንስ ትምህርቴን በጀመርሁ ቁጥር ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አስገድዶ በመድፈር ወይም በሕፃን ላይ የወሲብ ጥቃት በማድረስ ተቀጥተው ከተፈቱ 100 ወንዶች መካከል በ5 ዓመት ውስጥ ስንቱ በተመሳሳይ ወንጀል እንደገና ይያዛሉ? አብዛኞቹ ከግማሽ በላይ ይላሉ። ዘጠና የሚሉም አይጠፉም። እነዚህ ወጣቶች ነገ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ የማረሚያ ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ግምታቸው የግል አስተያየት ሆኖ አይቀርም፤ የአንድ ሰው የእስር ዘመን፣ የአንዲት ሕፃን ደኅንነት የሚወሰንበት ይሆናል።

ዘጠና ወይም ሰማንያ የሚለው ግምት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት በአሜሪካ የሆነውን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የካንሳስ ግዛት በማረሚያ ቤት ውስጥ ላሉ የወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች የሕክምና ፕሮግራም ነበራት። በፕሮግራሙ ለመሳተፍ እስረኛው ያልተከሰሰበትን ሳይቀር የፈጸመውን የወሲብ ድርጊት ሁሉ መናዘዝ ነበረበት፤ እምቢ ካለ ደግሞ በማረሚያ ቤቱ ያሉትን አንዳንድ መብቶቹን ያጣ ነበር። አንድ እስረኛ «ይህ በራሴ ላይ እንድመሰክር ማስገደድ ነው» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ «መኩን በተቃርኖ ላይል» በሚል ስም በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ግዛቲቱን የሚደግፈውን አስተያየት ሲጽፉ፣ ሕክምና ያላገኙ የወሲብ ወንጀለኞች የመድገም መጠን እስከ 80 በመቶ ይገመታል ብለው አሰፈሩ፤ ሥጋቱንም አስፈሪና ከፍተኛ አሉት። በቀጣዩ ዓመት በአላስካ የምዝገባ ሕግ ላይ በተሰጠው «ስሚዝ በተቃርኖ ዶ» ውሳኔ ይኸው ገለጻ ተደገመ። ከዚያ በኋላ የበታች ፍርድ ቤቶች ምንጩን ሳይመረምሩ እየተቀባበሉ ጠቀሱት።

ምንጩ ምን ነበር? ዳኛው የጠቀሱት በ1988 ለማረሚያ ቤት ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ ነው። መመሪያው ደግሞ አኃዙን ያገኘው በ1986 «ሳይኮሎጂ ቱዴይ» በተባለ ለሰፊው አንባቢ በሚታተም መጽሔት ላይ ከወጣ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊዎቹ በኦሪገን አንድ የሕክምና ፕሮግራም ይመሩ የነበሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ያልታከሙ ወንጀለኞች ይደግማሉ፣ እስከ 80 በመቶ የሚደርሱት፣ ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል። ለዓረፍተ ነገሩ ማስረጃ አልቀረበም፤ የተጠቀሰ ጥናትም የለም። የሕግ ሊቁ አይራ ኤልማን እና ታራ ኤልማን በ2015 ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ተከትለው እስከ ጫፉ ባይደርሱ ኖሮ ብዙዎቻችን አሁንም ከኋላው ጠንካራ ምርምር ያለ ይመስለን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፦ ከመጽሔት ወደ መመሪያ፣ ከመመሪያ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሕግ። በየደረጃው ክብሩ ጨመረ፤ ማስረጃው ግን ከመጀመሪያው አልነበረም።

እንግዲህ በትክክል የተቆጠረው ምን ይላል? ካናዳዊው ተመራማሪ ካርል ሃንሰን እና ሞኒክ ቡሲዬር በ1998 ባሳተሙት ሥራ 61 ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ከ23,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ከ4 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ክትትል በአዲስ የወሲብ ወንጀል የተያዙት 13.4 በመቶ ነበሩ። በ2005 ሃንሰን ከሞርተን-ቡርጎን ጋር 82 ጥናቶችን ይዘው ሲመለሱ 13.7 በመቶ አገኙ። «አምስት ዓመት አጭር ነው» የሚል ካለ ትክክል ነው። በ2004 ሃሪስ እና ሃንሰን 4,724 ሰዎችን ይዘው ባደረጉት ጥናት በ5 ዓመት 14፣ በ10 ዓመት 20፣ በ15 ዓመት 24 በመቶ ሆኗል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ከ15 ዓመት በኋላም አልተመለሱም ማለት ነው፤ ቢያንስ በመዝገብ።

የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ1994 በ15 ግዛቶች የተፈቱ 9,691 የወሲብ ወንጀል ፈጻሚ ወንዶችን ሲከታተል፣ በ3 ዓመት ውስጥ በአዲስ የወሲብ ወንጀል የተያዙት 5.3 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት ውስጥ ከዚህ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር አለ። ከተፈቱት እስረኞች ሁሉ በኋላ የወሲብ ወንጀል ፈጽመው ከተያዙት መካከል 87 በመቶው ቀድሞ የታሰሩት በስርቆት፣ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በድብደባ እና በመሳሰለው እንጂ በወሲብ ወንጀል አልነበረም። እያንዳንዳቸው የመፈጸም ዕድላቸው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ድምሩ ይበልጣል። በኒው ዮርክ ግዛት የ20 ዓመት የእስር መዝገብ የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ በወሲብ ወንጀል ከተያዙት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀደም ሲል በእንዲህ ዓይነት ወንጀል ተፈርዶባቸው የማያውቁ መሆናቸውን አሳይቷል። ዓይናችንን ሁሉ በተፈታው ሰው ላይ ስንተክል ያልተፈረደበት አጎት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ በጎናችን ያልፋል።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ መነሣትም አለበት። «እነዚህ የተያዙ ናቸው። ያልተያዙትስ?» የወሲብ ጥቃት በአብዛኛው ለፖሊስ አይነገርም። ሕፃን ከሆነች ተጎጂዋ ጭራሽ ቃሉም የላትም። ስለዚህ 14 በመቶ እውነቱ አይደለም፤ ወለሉ ነው። ይህን የማይቀበል ተመራማሪ የሚከተለውን ሙያ አያውቀውም። ነገር ግን ወለል መሆኑ ጣሪያውን እንደ ፈለግን ለመስቀል ፈቃድ አይሰጠንም። ለስሌት ያህል እያንዳንዱ ድርጊት የመጋለጥ ዕድሉ ከ10 አንድ ብቻ ነው እንበል። አንድ ሰው 10 ጊዜ ቢፈጽም ቢያንስ አንድ ጊዜ የመያዝ ዕድሉ ወደ 65 በመቶ ይደርሳል። ደጋጋሚ የሆነው ሰው በደጋገመ ቁጥር መረቡ ይጠብበታል። በዚህ ግምት የ15 ዓመቱ 24 በመቶ ወደ 37 ሊያድግ ይችላል። ትልቅ ቁጥር ነው፤ የሚያሳስብም ነው። ሰማንያ ግን አይደለም።

አማካይ ቁጥር ደግሞ ብዙ ይሸፍናል። በዚያው የ15 ዓመት ጥናት በቤተሰባቸው ልጆች ላይ ጥቃት የፈጸሙት 13 በመቶ ሲመለሱ፣ ከቤተሰብ ውጭ በሆኑ ወንዶች ልጆች ላይ የፈጸሙት ግን 35 በመቶ ተመልሰዋል። ቀደም ሲል የወሲብ ወንጀል ፍርድ ያለበት 37፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት 19። ሲፈታ ዕድሜው ከ50 በላይ የነበረው 12 ብቻ። እንግዲህ «የወሲብ ወንጀለኛ» የሚለው አንድ ስም እጅግ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ጆንያ ይከታል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚለጠፍ ሕግ ይመች ይሆናል፤ ለውሳኔ ግን አይጠቅምም።

ማን ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነን ነው፤ መልሱ ከስሜታችን ጋር ስለሚጋጭ። በተሰበሰቡት ጥናቶች ከመድገም ጋር ጎልተው የተያያዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ወደ ሕፃናት ወይም ወደ ኃይል ያዘነበለ የጸና የወሲብ ፍላጎት፣ እና በአጠቃላይ ሕግን የመጣስ፣ ራስን ያለመግዛት፣ ያልተረጋጋ ኑሮ ዝንባሌ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ሥጋቱ ይከብዳል። ወንጀሉን መካድ፣ ለተጎጂው ርኅራኄ አለማሳየት፣ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ለሕክምና ያለው ፍላጎት ዝቅተኛ መሆን ግን ከመድገም ጋር ያላቸው ግንኙነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። እኛ የንስሐ ባህል ያለን ሕዝብ ነን። ያለቀሰ ሰው፣ አንገቱን የደፋ ሰው፣ «በድያለሁ» ያለ ሰው ልባችንን ያራራዋል፤ «አላደረግሁትም» ብሎ የሚደርቀው ደግሞ ጭካኔው የሚመለስ ይመስለናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን ከጠቅላላ የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ይህ ሥነ ምግባራዊ ዋጋ አለው፤ እኔም አልቃወመውም። ለተጎጂዋም ቢሆን በዳይዋ እውነቱን ሲያምን መስማት ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዳኛው «ተጸጽቷልና ቅጣቱ ይቅለል» ሲል አንድ ነገር ነው፤ «ተጸጽቷልና አይመለስም» ሲል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ትንቢት ነው፤ ማስረጃውም አይደግፈውም።

ስለ አመክሮም ተመሳሳይ ነገር እላለሁ። በሕጋችን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ እስረኛ በመልካም ጠባዩ መሻሻሉ ከታየ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። በማረሚያ ቤት ውስጥ መልካም ጠባይ ለሌባ፣ ለተደባዳቢ የሆነ ነገር ሊነግረን ይችላል፤ የሚሰረቅ ዕቃም የሚጣላው ሰውም እዚያ አለና። በሕፃናት ላይ ጥቃት የፈጸመ ሰው ግን ሕፃን በሌለበት ግቢ ውስጥ ዐሥር ዓመት በጨዋነት ቢኖር ምን ተፈተነ? ብዙዎቹም በእስር ቤት ጸጥተኛ፣ ታዛዥ፣ የቤተ መጻሕፍት ረዳት የሚሆኑ ዓይነት ሰዎች ናቸው። የጠባይ ነጥብ ተሞልቶ የሚመጣው ቅጽ የሚፈለገውን ጥያቄ አልጠየቀም።

ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎች በስሜት ሳይሆን በመለኪያ መመዘን ጀመሩ። በ1999 የወጣው «ስታቲክ-99» የተባለው መለኪያ 10 ጥያቄዎች አሉት፦ ዕድሜ፣ ከዚህ በፊት የነበሩ ፍርዶች፣ ተጎጂው ወንድ ወይም እንግዳ ሰው መሆኑ እና የመሳሰሉት። ባለሙያ ዝም ብሎ በልምዱ ከሚሰጠው ግምት ይህ ደረቅ ቅጽ የተሻለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። የሆነ ሆኖ «የተሻለ» ማለት «ጥሩ» ማለት አይደለም። ከ1,000 ሰዎች 100ው የሚመለሱ ቢሆን፣ መለኪያችንም ከሁለቱም ወገን 80 በመቶውን በትክክል ቢለይ፣ ከመቶው 80ውን ይይዝልናል፤ ከ900ው ግን 180ውን በስሕተት አደገኛ ይላቸዋል። «አደገኛ» ከተባሉት 260 ሰዎች 180ው የማይመለሱ ነበሩ። ከመለኪያዎቻችን አንዱም 80 በመቶ የሚደርስ ትክክለኛነት የለውም።

በሌላ በኩል እነዚህ ስሌቶች መጽናኛ እንዳይመስሉን። በቤልጂየም ማርክ ዱትሩ ልጃገረዶችን በማፈንና በመድፈር በ1989 የ13 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደበት፤ በ1992 ተፈታ። በ1995 እና በ1996 ስድስት ልጃገረዶችን አፈነ፤ አራቱ ሞቱ። በጥቅምት 20 ቀን 1996 ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ በብራስልስ ነጭ ለብሶና ነጭ ይዞ በዝምታ ወጣ። ከእነዚያ ወላጆች ፊት ቆሞ «በአማካይ 14 በመቶ ነው» የሚል ሰው ልብ የለውም። የመጠን ጥያቄ እና የአንድ ልጅ ሕይወት ጥያቄ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ነገር ግን ሕግ ለሁሉም የሚወጣ በመሆኑ መጠኑን ሳያውቅ ሊወጣ አይገባም።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። በእንግሊዝና ዌልስ ማረሚያ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚሰጥ በዓለም የታወቀ የቡድን ሕክምና ነበር። እስረኞች በቡድን ተቀምጠው ወንጀላቸውን በዝርዝር ይተርካሉ፣ ክሕደታቸው ይሞገታል፣ የተጎጂውን ቦታ ይዘው ይጫወታሉ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በ2017 ያወጣው ጥናት 2,562 የታከሙ ሰዎችን ካልታከሙ 13,219 ሰዎች ጋር በአማካይ ለ8.2 ዓመት አነጻጸረ። ከታከሙት 10.0 በመቶ ደገሙ፤ ካልታከሙት 8.0 በመቶ። ሕክምናው አልጠቀመም፤ ምናልባትም ጎድቷል። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ተቋርጦ በሌላ ተተካ። ምክንያቱ አሁንም ያከራክራል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ ፕሮግራሙ ብዙ ሰዓት ያጠፋው ከላይ እንዳልነው ከመድገም ጋር ባልተያያዙት በክሕደትና በርኅራኄ ላይ ነበር። ካልተመሳሳዩ ሰዎች ጋር ወንጀልን በዝርዝር መተረክ ድርጊቱን የተለመደ ሊያስመስለውም ይችላል።

በካሊፎርኒያ በአታስካዴሮ የመንግሥት ሆስፒታል ፈቃደኞችን በዕጣ ደልድሎ የተደረገው ረጅም ሙከራም በ2005 ውጤቱ ሲወጣ በታከሙትና ባልታከሙት መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አላሳየም። «እንግዲህ ምንም አይሠራም» ለማለት እንዳትቸኩሉ። በ2019 ቴሬዛ ጋነን እና ባልደረቦቿ ያሰባሰቧቸው ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ የታከሙት 9.5፣ ያልታከሙት 14.1 በመቶ ተመልሰዋል። የተሻለ ውጤት የተገኘውም ብቃት ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በቋሚነት በቦታው በነበረባቸው ፕሮግራሞች ነው። የፕሮግራም ስም ብቻውን ማንንም አያድንም፤ በግማሽ ቀን ሥልጠና የተሰማራ ሠራተኛ የሚያካሂደው ሕክምና ወረቀቱ ብቻ ነው የሚመስለው።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ። የወንድ ሆርሞንን የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ በተለምዶ «ኬሚካዊ ስልባ» የሚባሉት፣ ለአንዳንድ ከባድ ሕመምተኞች ፍላጎቱን በእጅጉ ያወርዳሉ። በእስራኤል በ1998 የታተመ ጥናት በ30 ወንዶች ላይ ይህን አሳይቷል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕግ አስገዳጅ አድርጋዋለች። ሕዝብ ሲቆጣ ይህ ሐሳብ በየአገሩ ይነሣል። የኔ ጥርጣሬ ቀላል ነው፦ ጥቃት የፈጸመው ከፍላጎቱ ብዛት ሳይሆን ከንቀትና ከኃይል ስሜት ለሆነ ሰው የሆርሞን መርፌ ምን ያደርግለታል? መድኃኒት ለበሽተኛ እንጂ ለቅጣት ሲታዘዝ ሐኪሙ ሐኪምነቱን ያጣል።

አሁን ደግሞ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋማት። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆኒ ባክስትሮም ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ምክንያት፣ የቅጣት ዘመናቸው አልፎም «አደገኛ የአእምሮ ሕመምተኞች» ተብለው በኒው ዮርክ የወንጀለኛ ሕሙማን ሆስፒታሎች ተዘግተው የነበሩ 967 ሰዎች ወደ ተራ ሆስፒታሎች ተዛወሩ። ሠራተኞች ፈሩ። ስቴድማን እና ኮኮዛ የተባሉ ተመራማሪዎች ለአራት ዓመት ተከታተሏቸው። ወደ ጥብቅ ሆስፒታል መመለስ ያስፈለጋቸው ከ3 በመቶ ያነሱ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ የወሲብ ወንጀለኞች አልነበሩም፤ ነገር ግን «አደገኛ ነው» የሚለው የሐኪም ፊርማ ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈጥሮ ፈተና ላይ የወደቀው ያን ጊዜ ነው።

ትምህርቱ ግን ሩቅ አልሄደም። በ1997 «ካንሳስ በተቃርኖ ሄንድሪክስ» በተባለው ውሳኔ ቅጣቱን የጨረሰ የወሲብ ወንጀለኛ «የአእምሮ መዛባት» አለበት ተብሎ ያለ ጊዜ ገደብ በተቋም ሊያዝ እንደሚችል ተፈቀደ። ሃያ ገደማ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። ሚኒሶታ በ1994 የጀመረችው ፕሮግራም በ2015 በፌዴራል ዳኛ ፊት ሲቀርብ በውስጡ ከ700 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ በእነዚያ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሙሉ በሙሉ የተለቀቀ አንድም ሰው አልነበረም። ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2017 ሻረው። ታክሞ የወጣ ሰው የሌለበት ቤት ሆስፒታል ተብሎ መጠራቱ ለእኔ የቋንቋ ስድብ ነው።

ጀርመን ሌላ መንገድ ሄዳለች። በሕፃናት ላይ ከተፈጸሙ ግድያዎች በኋላ በ1998 የጥንቃቄ እስርን የሚገድበውን የ10 ዓመት ጣሪያ አነሣች፤ ቀድሞ በተፈረደባቸው ላይም ሳይቀር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2009 ይህ ስሙ ቢለወጥም ቅጣት ነው፣ ወደ ኋላም ተመልሶ አይሠራም አለ። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በግንቦት 2011 ደግሞ ሥርዓቱን በሙሉ ሽሮ፣ የጥንቃቄ እስር ከእስር ቤት በግልጽ የተለየ፣ በሕክምናና ወደ ነጻነት በመመለስ ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት ብሎ አዘዘ። በቦኹም ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ አደገኛ ተብለው ግን በሕግ ምክንያት ሊያዙ ያልቻሉ እስረኞችን ሲከታተል፣ አብዛኞቹ ለከባድ ወንጀል እንዳልተመለሱ አሳይቷል። የተመለሱም ነበሩ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ያለብን ለዚህ ነው።

የእኛም የወንጀል ሕግ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊነት የሌለበትን ሰው ፍርድ ቤት ወደ ሕክምና ተቋም እንዲልክ፣ ውሳኔውንም በየሁለት ዓመቱ እንዲመረምር ይደነግጋል። ይህ በወረቀት ላይ መልካም ድንጋጌ ነው። በተግባር ግን ዳኛው ሲመረምር የሚመረምረው ምንን ነው? ከሐኪሙ «ተሽሎታል» የሚል አንድ መስመር ከመጣለት፣ ሕመሙ ነው የተሻለው ወይስ ሥጋቱ? ከባድ የአእምሮ ሕመም እና የወሲብ ወንጀል አንድ አይደሉም፤ አብዛኞቹ የወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች ሐኪም በሚያውቀው ትርጉም የአእምሮ ሕመምተኞች አይደሉም። ቅዠቱ በመድኃኒት የጠፋለት ሰው ከሕመሙ ጋር ያልተያያዘውን ዝንባሌ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ተማሪዎቼ የዳኝነት ወንበር ላይ ስትቀመጡ ይህን ሁለት ጥያቄ ለያይታችሁ ጠይቁ።

ከተፈታ በኋላስ? በአሜሪካ ስሙን በአደባባይ ማስታወቅ፣ ከትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይኖር መከልከል ሕዝብ የሚወዳቸው ሕጎች ናቸው። በሚኒሶታ ወደ እስር የተመለሱ የ224 ሰዎች ወንጀሎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ የመኖሪያ ክልከላ ሊያስቀረው ይችል የነበረ አንድም አልተገኘም። ለፖሊስ መመዝገቡ የተወሰነ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ፤ ለሕዝብ ማሳወቁ ግን ቤትና ሥራ አሳጥቶ ሰውየውን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። በካናዳ ሃሚልተን ከተማ በ1994 የሆነው ለየት ይላል። ቅጣቱን ጨርሶ ያለ ምንም ክትትል ለወጣና ከተማው ሁሉ ለፈራው ሰው አንድ የሜኖናይት ቄስ ጥቂት ምእመናንን ሰብስቦ በየዕለቱ የሚያገኘው፣ የሚረዳው፣ ግን ደግሞ በግልጽ የሚጠይቀው ቡድን አቋቋመ። ይህ አሠራር ቆይቶ በሚኒሶታ በዕጣ በተደለደሉ 50 እና 50 ሰዎች ላይ ሲፈተን በወሲብ ወንጀል ዳግም የመያዝን ሥጋት በ88 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በጥንቃቄ እንያዘው። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ጊዜ ራሱ ይሠራል። ሃንሰን እና ባልደረቦቹ በ2014 ከ7,700 በላይ ሰዎችን ይዘው እንዳሳዩት፣ ሲፈቱ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ተብለው ከተመደቡት 22 በመቶው በ5 ዓመት ውስጥ ተመልሰዋል። ከነዚሁ መካከል 10 ዓመት ያለ ወንጀል በውጭ የቆየው ግን በቀጣዮቹ 5 ዓመታት የመመለስ ዕድሉ 4.2 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ማለት የክትትል ገንዘብና ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ መዋል አለበት ማለት ነው።

በካናዳ ስለ ሆነው ቡድን ስናገር «እኛማ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን» ብላችሁ እንደምታስቡ እገምታለሁ። እኔም አስቤዋለሁ። ነገር ግን እነዚህ የተከበሩ ተቋማት በዚህ ወንጀል ላይ ያላቸው ታሪክ ንጹሕ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደፈራትን ያገባ ሰው ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር፤ የተሻረው በ1996ቱ ሕግ ነው። ሕጉ ተሽሮም ሽምግልናው ቀጥሏል። ልጃገረድ ተደፍራ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ ተቆርጦ ጉዳዩ ሲያልቅ፣ በመዝገብ ወንጀል አልተፈጸመም። ያ ሰው ነገ ሌላዋን ቢደፍር በስታቲስቲክስ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ይሆናል። እኛ አገር ስለ ደጋጋሚነት ስንነጋገር ከማረሚያ ቤቱ በር በፊት የቆመው ጥያቄ ይህ ነው። ስለ መመለሱ የምንጠይቀው ሰው መጀመሪያ መሄዱ መመዝገብ አለበት።

ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ትሑት ነው። ከአንድ ማረሚያ ቤት ጋር በመተባበር በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው የሚፈቱ ሰዎችን ዕድሜ፣ የቀድሞ ፍርድ፣ የተጎጂውን ዕድሜና ዝምድና፣ የተፈቱበትን ቀን ስማቸውን ደብቀን መመዝገብ እንጀምር። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የዛሬ 5 ዓመት አንድ ሰው በዚህ አዳራሽ ቆሞ የኦሪገንን መጽሔት ሳይሆን የራሳችንን መዝገብ ይጠቅሳል። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።